ብየዳው ያልጠፋበት ካሴት

እኔ ሙዚቃ አላውቅም። ብረት ነው የማውቀው፤
በር፣ መስኮት፣ የደረጃ መደገፊያ፣ ሲሰበር የምቀጥለው።
ቃሊቲ፣ ከጉምሩኩ ጀርባ፣ ኮንቴይነር ከሚደረደርበት፣
ግማሹ ቆርቆሮ፣ ግማሹ ሸራ፣ ነበረኝ አንድ ብየዳ ቤት።

ማታ ማታ ለአራት ጎረምሶች አከራየሁት፤
አንድም ወር ሞልተው አልከፈሉኝ፤ እኔም ዕዳውን ረሳሁት።
ሲራክ ይጮሃል፤ ለሜቻ ቤዙን ያንጎደጉደዋል፤
ጎሹ በተቆረጠ በርሜል ላይ ጠላት እንዳገኘ ይወርድበታል፤
አራተኛው፣ ዝምተኛው ናሁሰናይ፣ ሲበጠስበት አንዱ ክር፣
የሳይክል ፍሬን ሽቦ ይወጥራል፤ ጣቱ ይደማል እንጂ መች ይናገር።

"ፉርጎ" ነን አሉ፤ ሐዲዱ ዳር ስላደጉ፣
ባቡሩ ከቀረ በኋላ ራሳቸውን ሊጎትቱ ስለፈለጉ።
ሰፈሩ ጠላቸው። ጎረቤቴ ስንዱ በአጥር አንገቷን ብቅ አድርጋ፣
"ዘፈን ነው ወይስ ጠብ?" አለች፤ "ጠብ ከሆነ ገላጋይ ልፈልጋ!"

ካሴቱን የቀዱ ለት የትምህርት ቤት በር ነበረብኝ፤
ጠዋት ርክክብ ነው፤ እነሱ ይለምናሉ፣ ጊዜው አልበቃኝ።
"አጥፋው" አሉኝ። አላጠፋሁም።
ከግድግዳው ወዲህ እኔ ስበይድ፣
ከግድግዳው ወዲያ ሲራክ ሲያነባ፣ በየብልጭታው መብራቱ ሲርድ፣
ያ ዝዝዝ የሚለው ጉርምርምታ ገባ ከአራተኛው ዘፈን፤
ሌላ ካሴት መግዣ አልነበረም፤ እንዳለ አተምን።

"መልስ የለም" ብለው ሰየሙት፤ የወያላ ቋንቋ ነው፤
ሲራክ ግን ሲዘፍነው፣ ሳንቲሙን ማን አሰበው!

ሁለት መቶ ቅጂ ስድስት ወር አቧራ ጠጣ።
ከዚያ አንድ የሳሪስ ታክሲ፤ ከዚያ ሦስት፤ ከዚያ ማን ቆጥሮ፣
ክረምቱን ሙሉ መንገዱ በዚያ ድምፅ ተወጥሮ፣
ልጁ ሁሉ ፀጉሩን አጎፍሮ፣ የሸሚዙን ቁልፍ በጥሶ፣
"መልስ የለም" ይላል ለአባቱ፤ ለመምህሩም፣ መልሶ።

ፉርጎ ያለ ጠብ ተበተነ። ጎሹ ጅቡቲ መስመር ተሳቢ ያዘ፤
ለሜቻ ገላን ሚስማር ፋብሪካ በሌሊት ፈረቃ ደነዘዘ፤
ሲራክ ዱከም ሒሳብ ያስተምራል፤ "ድምፅ ቀንሱ!" ይላል አሉ ክፍሉን።
ናሁሰናይን ቀበርነው። እኔ አስቀረሁ ሽቦውን።

ባለፈው ኅዳር ኮዬ ፈጬ፣ አራተኛ ፎቅ፣ ኮንዶሚኒየም፣
የደረጃ ብረት ልገጥም ወጥቼ፣ ማሽኔን ገና አልሰካሁም፣
ዝዝዝ አለ።
ሶኬቱን አየሁ። ተነቅሏል። ድምፁ ግን አለ።

አንኳኳሁ። ከፈተች፤ ፌኔት ትባላለች፣ አሥራ ሰባት ቢሆናት፤
ጊታር አንግታለች፤ ከእግሯ ሥር፣ በካልሲ የምትረግጣት
ቀይ መብራት ያላት ትንሽ ሣጥን።
"ረበሽኩዎት እንዴ ጋሼ?"
"ምንድነው እሱ?" አልኳት፣ መነጽሬን ግንባሬ ላይ መልሼ።
"የፉርጎ ድምፅ ነዋ! ሁሉም ባንድ የሚሞክረው፤
እንዴት እንዳወጡት የሚያውቅ የለም።
ይቺን የገዛሁት ሁለት ዓመት ዕቁብ ጥዬ ነው።"

መዳፌን አየሁት፤ የብልጭታ ጠባሳ፣ እንደ ምስር የተዘራ።
ልንገራት? በምን አፌ? በር ስሠራ ነው ልበላት፣ በር ስሠራ?
ዋጥኩት። "ከሥር ትንሽ ይወፍራል" አልኳት፤ "እሱ ነው የቀረሽ።"
"እንዴት አወቁ?"
"ጎረቤት ነበርኩ።"

ማሽኔን ሰካሁ። እሷም በሯን አልዘጋችም።
እኔ ከግድግዳው ወዲህ፣ እሷ ከግድግዳው ወዲያ፣
የደረጃው አምፖል ሲርድ፣
ከሁለተኛ ፎቅ አንድ ሰው "አጥፉት!" እያለ መጮህ ጀመረ።