ቤት ስመታ

አባቴ የተወልኝ፣ አንዲት መዶሻ ናት፣
ሠላሳ ዓመት ሙሉ፣ ለገሃር የያዛት።
ባቡር ገብቶ ሲቆም፣ ከጅቡቲ መንገድ፣
መንኮራኩሩን ሁሉ፣ እየመታ ሲሄድ፣
እከተለው ነበር።
"ደህናው ይዘምራል፤ ስንጥቁ ግን ያስላል፣
ቀለም ዐይንን እንጂ፣ ጆሮን መች ያታልላል።"

ዐሥራ አንድ ዓመት ኪራይ፣ ዐሥራ አንድ ዓመት ዕቁብ፣
ታይዋን ጨርቅ ሸጬ፣ ስቋጥር ስደርብ፣
አከራዬ ባስነጠሰ ቁጥር፣ ዕቃዬን ስሰበስብ፣
ዘንድሮ ወጣልኝ።

ደላላው ነስረዲን፣ ባጃጁን አቁሞ፣
"አቦ ፍጠኚ እንጂ! ሌላ ገዢ አለ ቆሞ፤
ደቻቱ አፋፍ ነው፣ ሁለት ክፍል፣ ሳሎን፣
ካርታው እንደ ወርቅ፣ ቀብዱ ዛሬ ይሁን።"

አልቸኮልኩም እኔ።
መሬት አስተዳደር፣ ሦስት ቀን ተሰለፍኩ፣
ከመስኮት ሁለት ላይ፣ ወደ አራት ተላክኩ፣
ከመዝገቡ ጋራ፣ የካርታውን ቁጥር፣ በጣቴ አመሳከርኩ።
እግድ አለው? የለም። የባንክ ዕዳስ? የለም።
ወራሽ እኅት ነበረች፣ ጅቡቲ ያገባች፣
ውክልናው እስኪመጣ፣ አንድ ወር አስቆየች፤
መጣ፤ ማኅተሙንም፣ ጸሐፊዋ አየች።
(ነስረዲን በየቀኑ ይደውላል።)
የመብራቱ ደረሰኝ፣ የውሃው፣ ግብሩ፣
ሁሉም በሻጩ ስም፣ ሁሉም በየቁጥሩ።

ወረቀቱ አማረ። ያኔ ቦርሳዬን ከፍቼ፣
የአባቴን መዶሻ፣ ከመሐረብ አውጥቼ...
"ምን ልትሠሪ ነው?" ሻጩ ቀረበ ዞሮ፤
"ቤት ልመታ" አልኩት። ነስረዲን ጉንጩን በጫት ወጥሮ፣
"ገጣሚ ነሽ ለካ!" ሲል ሳቀብኝ አብሮ።

ከጣራው ሥር ጀመርኩ።
ቃ! አለ ግድግዳው።
በስተቀኝም፣ ቃ!
ወደ ወገቤ ልክ ዝቅ አልኩ፤
ዱፍ።
ወደ ጉልበቴ፤
ዱፍ።
ቀለሙ ወተት ነው፤ ውስጡ የረጠበ ኬሻ።
ላይኛው ስንኝና ታችኛው
ቤት አይመቱም።

ከአጥሩ ማዶ ሳምቡሳ የምትጠብሰው ሩቂያ
ጭልፋዋን አስቀምጣ አየችኝ።
አንድ ቃል አልወጣትም፤
መዳፏን ከደረቷ ልክ ዘረጋች፣
እዚህ ድረስ እንደማለት፣
ከዚያ ወደ ወንዙ ዞራ፣ "በዘጠና ስምንት" አለች።

ደቻቱን አየሁት። ከአፋፉ ሥር ተኝቷል፣
ጠብታ ውሃ የለው፣ ፍየል ይሻገረዋል፣
አሸዋው ላይ ሕፃን፣ ኳስ ይለጋበታል፤
የዋህ ይመስላል።
በካርታው ሥዕል ላይ፣ ስሙ የለም ከቶ፣
እሱ ግን ያውቀዋል፣ ቤቱን አንዴ ገብቶ፤
ምስክር ሳይጠራ፣ ግድግዳው ላይ ፈርሞ
ሄደ፤ ሰው በኖራ፣ ፊርማውን ሸፈነ ደግሞ።

"ዋጋ እናስቀንስ፣" አለ ነስረዲን፣ ድምፁ ለዝቦ፣
"ወንዙ እንደሆን ተኝቷል፤ ተረጋጊ እንጂ አቦ።"
አልተቆጣሁበት። እሱም ልጆች አሉት፤
እሱም ተከራይ ነው።

ቀብድ ሳልከፍል፣ በአሸዋው ተሻግሬ፣
በድሬ ሙቀት ውስጥ፣ ወደ ኪራይ ሰፈሬ
ስመለስ፣ መዶሻዋ ከሰው ቤት ቁልፍ ጋራ
ቦርሳዬ ውስጥ እየተጋጨች፣ ቀስ ብላ ትዘምራለች።

ማታ ስልኬ ጮኸ።
"ሳቢያን ሌላ ቤት አለ፣ ከፍ ያለ ቦታ ላይ፤
ካርታውን ገና አላየሁም፣" አለኝ ነስረዲን።
ትንሽ ዝም ብሎ፣
"አቦ... ያችን መዶሻሽን ይዘሽ ነይ።"