ከዘጠኝ በኋላ

ክላክስቪክ ወደብ ላይ፣ ሌሊት እኩሌታ፣
ዝናቡ በአግድም መስኮት እየመታ፣
ራንቫ ጠረጴዛው ላይ ክርኗን ተክላ
ስክሪፕት ታነባለች፣ ካፖርቷን ሳታወልቅ፣ ሻይዋን ረስታ ጥላ።

የራሷው ጽሑፍ ነው፤ የዛሬ ሦስት ዓመት
በምሳ ሰዓቷ ጽፋ የረሳችው፣
አስራ አንድ መስመር ሼል፣ "ይሠራል" ብላ
ዞራ ያላየችው።

ሥራው ቀላል ነበር።
ማቀዝቀዣውን ለሚጠብቀው ፕሮግራም አዲስ ስሪት ሲወጣለት፣
አሮጌና አዲሱን አስተያይቶ የሚበልጠውን መጫን፤ ሌላ ትእዛዝ የለበት።

ከአንድ ነጥብ አንድ እስከ አንድ ነጥብ ዘጠኝ
አንዴም አልተሳሳተ፣ ሦስት ዓመት ሙሉ፤
"እንዲህ ያለ ታማኝ!"
አሉት የሚያውቁት ሁሉ።

ማክሰኞ ማታ ግን አንድ ነጥብ አስር መጣ፤
ስክሪፕቱም እንደ ልማዱ ለዳኝነት ወጣ።
ግራውን ከቀኙ፣ ፊደል በፊደል፣
አንድና አንድ እኩል፣ ነጥብና ነጥብ እኩል፤
ከዚያ ዘጠኝን አገኘው ከአንድ ፊት ለፊት፣
ከኋላ የቆመችውን ዜሮ ዞር ብሎም ሳያያት
"ዘጠኝ ይበልጣል" አለ፤ ፈረደ፤ ዘጋ መዝገብ፤
አሮጌውን መልሶ ጫነ፣
በየሰዓቱ፣ ያለ ድካም፣ ያለ ማሰብ።

አሮጌው ደግሞ አመል ነበረው፤
ሙቀት ሲጨምር አፉን የሚይዘው።
ስድስት ቶን ዓሣ፣ ኮድ የሚሉት፣
በጨለማው ውስጥ ላብ ላብ አለበት።
ኮዱ ተበላሽቶ ኮዱ ሊበላሽ ሲል
መጋዘን ጠባቂውን ሆግኒን አፍንጫው ቀሰቀሰው፦ "ይሄ ነገር ልክ አይደል!"

ሆግኒ ኮምፒዩተር አያውቅም። ስልኩም ባለ ቁልፍ ነው፣ ጥርሱ የረገፈ።
እሑድ እሑድ ግን የዕለቱን ምዕራፍ ለምእመናን ያነባል፣
ድምፁ እንደ መልሕቅ የከበደ።

ራንቫ ስክሪኑን አዞረችለት። "እየው፣ ዘጠኝ ከአስር ይበልጣል ይላል።
በሒሳብ ቤት ቢሆን እሺ፣ ነጥብ ዘጠኝ ከነጥብ አንድ ይበልጣል፤
ይሄ ግን ሒሳብ አይደለም። ምን እንደሆነ ለማሽን
እንዴት ይነገራል?"

መነጽሩን አወጣ፣ በሹራቡ ጠረገና፣
እንደ ደብዳቤ አስጠግቶ አየና፣
"ምዕራፍ አንድ፣ ቁጥር ዘጠኝ" አለ።
"ምዕራፍ አንድ፣ ቁጥር አስር።
ምኑ ነው የቸገረሽ? እኔ ሳነብ
ከዘጠኝ በኋላ አስር ነው።"

ዝም አለች።

ነጥቧ ለካ ሚዛን አልነበረችም፣ አጥር ነበረች እንጂ፤
ወዲህ አንድ ቤት፣ ወዲያ ሌላ ቤት፣ ሁሉም ባለ ደጅ።
የድሮውን መስመር ሰረዘች። ሶርትን ጠራች፣ ትልቁን ቪ አስይዛ፣
ቁጥሮቹን ቤት ለቤት እንዲጠይቅ አዝዛ፤
ዘጠኝ ቀድሞ ገባ፣ አስር ተከተለው፣
ለአስራ አንድም ቦታ ተተወ፣ ገና ላልተወለደው።

(ይህን ስጽፍ አንድ ነገር ውል አለኝ፤
በግእዝ ቁጥር ቢሆን ስክሪፕቱ ባልሳተ ስል፣ ኩራት ቢጤ ዳዳኝ።
፲ የራሱ መልክ አለው፣ ከ፱ ጎን ቆሟል፣ የ፩ን ፊት አልተዋሰም።
ቆጠርኩ። ከመቶም አለፍኩ፣ አንድም አልተዛነፈም።
፪፻ ላይ ስደርስ ግን ያው ጉድ ገጠመኝ፤
ሁለት መቶ ከሦስት አንሶ ተገኘ፣ ኩራቴን ይዤ ተመለስኩ።)

ሊነጋጋ ሲል ራንቫ ሁሉንም ስም በሰልፍ አቁማ ፈተነች።
ሁሉም ቦታ ቦታውን ያዘ፣ ከአንዱ በቀር፦
የአንድ ነጥብ አስር እጩ፣ ለሙከራ ብቻ የወጣው፣
ሹመኛው ሳይቀመጥ በፊት መውጣት የነበረበት፣
ከሹመኛው በላይ ወንበር ይዞ ተገኘ።

ሳቀች። እጩ መቼ ቦታውን ያውቃል?
ውጭ ሆግኒ በረዶ በአካፋ እየዛቀ ዓሣው ላይ ይጭናል፤
የአካፋው ድምፅ ብቻ ይሰማል።

በስክሪፕቱ አናት ላይ፣ ማሽን በማያነብበት መስመር፣
ለሚቀጥለው ሰው ጻፈች፦
"እጩዎቹ ገና ናቸው። ነገ።
ነጥቡን ካላመንክ ሆግኒን ጠይቅ።"