የክሩ ጫፍ

መጀመሪያ ያወቀው ክሩ ነው፣ ከእኔ ቀድሞ፤
ከአፌ ደርቆ ወጣ፣ ጫፉ እንደ ተበተነ ከመርፌው ዓይን ፊት ቆሞ።
ሠላሳ ዓመት ሙሉ ምራቄ ሲያሾለው
መብራት እንኳ ጠፍቶ በዳበሳ ነበር ቀዳዳውን የማገኘው።

ሽንብጥ፣ መንገድ ዳር፣ ከሲንጀሬ ኋላ
«አረጀሽ» አለችኝ ጎረቤቴ ውድነሽ፣ መርፌውን ተቀብላ።
እኔም ሳቅ አልኩኝ፤
ሳቁ ጥርሴ ላይ ደርቆ ቀረ፣ ከንፈሬ አልመለስ አለኝ።

ከዚያማ ቆሎው አሸዋ ሆነ፣ ዳቦው ብጣሽ ጨርቅ፤
ሌሊት ምላሴን ከላንቃዬ፣ ውኃ ካልቀመስኩ፣ አላላቅቅ።
ሽንኩርት ስከትፍ ዓይኔ ይነዳል እንጂ እንባ አይወጣኝ፤
በአጎቴ ቀብር፣ ድንኳኑ ውስጥ፣ ደረቅ ፊቴን አይቶ ሰው ታዘበኝ።
ከደጄ ሁለት መቶ እርምጃ፣ ጣና ተንጣሎ ተኝቷል፤
ያን ሁሉ ውኃ ይዞ፣ ለአንድ ክር የምትሆን ጠብታ ነፍጎኛል።

ሐኪሟ በወረቀት ሥላ አስረዳችኝ፦
«የገዛ ዘበኛሽ ነው፤ ቤትሽን ሊጠብቅ ተቀጥሮ
ምንጩን ሌባ መስሎት የሚደበድበው ዞሮ።»
የበሽታው ስም የሩቅ አገር ሰው ስም ነው፣ በደረቅ ምላስ አይጠራም፤
እኔ «ድርቁ» ብዬዋለሁ፣ ሌላ ስም አላወጣሁለትም።

ምርመራው ደግሞ፣ ጉድ እኮ ነው፣ ያንኑ የጠፋውን ይጠይቃል።
«እትዬ ማንጠግቦሽ፣ ከማለዳው ጀምሮ ምንም እንዳትቀምሺ፤
አንገትሽን ደፋ፣ አፍሽን ከፈት አድርጊና፣ በራሱ ጊዜ እስኪንጠባጠብ ታገሺ።»
ባንቺአምላክ ናት፣ የላቦራቶሪዋ ልጅ፣ ጠባብ ብልቃጥ ዘርግታ።

አሥራ አምስት ደቂቃ።
እኔ አጎንብሻለሁ፣ ወተቷ እንደ ነጠፈ ላም፤
ታላቢዋም አላቢዋም አናወራም።
አንድ ጠብታ። ቆይቶ አንድ። እንደ ሸረሪት ድር የተጎተተ፣ አረፋ የበዛበት።
ሩብ ሚሊ እንኳ አልሞላም። አፈርኩበት።
በአገሬ ምራቅ የሚተፋው ለንቀት ነው ወይም ለምርቃት፤
በበረዶ ሣጥን ሲታቀፍ አላየሁም፣ እንደ አራስ ልጅ፣ በጥንቃቄ ብዛት።

አባቴ ሲመርቁኝ «እንትፍ፣ እንትፍ» ሲሉ
ሦስት ቀዝቃዛ ነጥቦች ግንባሬ ላይ ይውሉ ነበር፣ ሳይደርቁ እየዋሉ።
ባለፈው ልጄ የኔዓለም ለሥራ ወደ መተማ ስትሄድ
«መርቂኝ» ብላ ጎንበስ አለች።
እንትፍ አልኩ፤ ነፋስ ብቻ ወጣ።
እሷ ግን፣ እንደ ረጠበ ሰው፣ ግንባሯን በመዳፏ ጠረገች።

ባንቺአምላክ አትስቅም። «እዚች ውስጥ» አለችኝ፣ «ፕሮቲኖች አሉ፤
የተቆጣ ዘበኛ በረገጠበት ሁሉ ዱካ ይጥላል፣ እነሱ ዱካውን ይናገራሉ።
ከንፈርሽን ቆርሰን ከምናይ፣ በየሦስት ወሩ ይህን ብናነበው
ቁጣው ይብረድ ይባስ፣ ሊነግረን ይችል ይሆናል። ገና ጥናት ነው፤
አልዋሽሽም፣ ገና መንገድ ላይ ነው።»

ዕድር ላይ «ምራቋን የዋጠች ሴት» ብለው ለሽምግልና ይጠሩኛል።
የቱን ምራቅ? ያለችኝን ለባንቺአምላክ ሰጥቼ መጣሁ፤ ባዶ አፌን ያዩኛል።

ስመለስ በዳርቻው የደንገል ታንኳዎች ቆመው ይደርቃሉ፤
ውኃ ሲጠግቡ ይሰምጣሉና፣ ለነገ እንዲንሳፈፉ ፀሐይ ይሞቃሉ።
ድርቀት የሚያኖረው ነገር እንዳለ ያን ቀን አየሁ፤
ለእኔ አልሆነም እንጂ፣ ብዬ፣ ከኮዳዬ ጠጣሁ።

ሱቄ ስደርስ ውድነሽ ከሲንጀሩ አጠገብ ተቀምጣለች።
ሳልጠይቃት ክሩን አነሣች፣
በከንፈሯ አርሳ፣ በጥርሷ አሹላ፣ ምንም ሳትል አቀበለችኝ።
የሰው ምራቅ ነው።
የመርፌው ዓይን ግን የማን እንደሆነ አልጠየቀኝ፤
ክሩ ገባ።