በቃለ ጉባኤው ያልሰፈረ

ሰኔ አሥራ አንድ፣ ማክሰኞ፣ ጠዋት ሦስት ተኩል
(አራት ሰዓት ማለት ነው፤ ዝናብ ነበር ይባል)፣
ከምክር ቤቱ ሕንፃ፣ ከሁለተኛው ፎቅ፣
ጣሪያው በሚያንጠባጥብ፣ አጀንዳው በማያልቅ፣
የአካታችነት ጉዳይ ኮሚቴ ተሰየመ።
ሰባት ወንበር ነበር፤ ስምንተኛው ቆመ።

እኔ ጸሐፊ ነኝ፤ የምመዘግበው
የተባለው አይደል፤ የተወሰነው ነው።
ሳል አይመዘገብም፤ ዝምታም አይገባ፣
የሰው ዐይን ሲሸሽም፣ ሲቀላ፣ ሲያነባ።

ሰብሳቢው ነዚፍ አባ ፎጊ፣ መነጽሩን ጠርጎ፣
«አጀንዳ አንድ» አለ፣ ድምፁን ከፍ አድርጎ፦
«መወጣጫ ይሠራ ተብሎ ስለነበረ፣
ከወዴት ደረሰ?»
                    ማንም አልተናገረ።
በጀቱ ፋይናንስ ጋ፣ ሲሚንቶው መንገድ ላይ፣
ግንበኛው ሰቃ ለቅሶ፤ እስኪ ሰኞ ይታይ።

ዘለቀ ዳርጬ ግን፣ የጉዳዩ ባለቤት፣
ከታች፣ ከደረጃው ሥር፣ ከጥበቃው ቤት፣
በተሽከርካሪ ወንበሩ፣ ላስቲክ ተከናንቦ፣
በስልክ ነው የሚሰበሰብ፣ በድምፁ ብቻ ቀርቦ።
«ይሰማል?» ይላል ስልኩ። «ይሰማል» እንላለን።
ኔትወርክ ሲቋረጥ፣ እኛ እንቀጥላለን።

ራሕማ፣ ልብስ ሰፊዋ፣ መስማት የተሳናት፣
በጣቶቿ ስታወራ ሁላችን አየናት።
ማየት ግን መስማት አይደል። አስተርጓሚ የለም።
ልጇ ነበር የሚያግዛት፤ ፈተና ላይ ነው፣ አልመጣም።

አጀንዳ ሦስት፦ ቅጹ በስንት ቋንቋ ይታተም?
በኦሮምኛ፣ በአማርኛ፤ «በዳውሮኛም ቢደገም!»
«የየምስ? የከፋስ?» ተባለ፤ ነገር ከረረና፣
«ሻይ ይምጣ» አለ ሰብሳቢው፣ መሃል ላይ ቆመና።

ሻይ መጣ። ሰባት ብርጭቆ፣ ወርቅማ ጠርዝ ያለው።
አንድ ደግሞ ፕላስቲክ፤ ጆሮው የተሰበረው።
ማንም አላዘዘ፣ ማንም አልጠየቀም፤
የአስተናጋጇ እጅ ግን ቦታውን አልሳተም፦

ከመስኮቱ ደፍ ላይ፣ ዳርጊቱ ከቆመችበት።

ዳርጊቱ ሸክላ ሠሪ። የጂሬን ሥር ጭቃ ከጥፍሯ አይለቅም።
እዚያ ከነበርነው ሰዎች መካከል
ትናንት ማታ ወጡን በእሷ ድስት ያልሠራ ማን አለ?
የረገጠችው አፈር፣ ያነደደችው እሳት
ሆዳችን ውስጥ ነው።
ከንፈሯ የሚነካው ብርጭቆ ነው ያስቸገረን።

አየሁ።
ነዚፍም አየ፤ መነጽሩን እንደገና ጠረገ፣ ንጹሑን መነጽር።
ራሕማም አየች፤ ጣቶቿ ጭኗ ላይ አንድ ነገር ብለው ዝም አሉ።
ስልኩ ከጠረጴዛው፣ «ሻይ ነው እንዴ? ለእኔም ላኩልኝ» አለ።
ሁለት ሰው ሳቀ። ከሚገባው በላይ ሳቁ።

ዳርጊቱ ኩባያውን አነሳችው፣ በጥፍሯ መታ መታ አደረገችው፣
ማክሰኞና ሐሙስ፣ ገበያ ላይ፣ ለገዢ እንደምታሰማው ማሰሮ።
ደህናው ይጮኻል፤ ስንጥቁ ያፍናል።
ጆሮዋን አስጠግታ ጠበቀች። ሁላችንም ጠበቅን።
«ይኼኛው ስንጥቅ ነው» አለች።
ከዚያ ወዲያ ምንም አላለችም፤
ኩባያውን ደፉ ላይ መልሳ ዝናቡን ታይ ጀመር።

የእኔ ሻይ ሳልነካው ቀዘቀዘ።
ይኼም ጀግንነት ሆኖ ነው?
እስክሪብቶዬ እንዲህ ጻፈ፦
«ከሻይ ዕረፍት በኋላ ውይይቱ ቀጥሏል።»

ውሳኔ አንድ፦ መወጣጫው ሰኞ ይጣራ።
ሁለት፦ ለቅጹ ጉዳይ ንኡስ ኮሚቴ ይጠራ።
ሦስት፦ ለኅብረተሰቡ ግንዛቤ ይፈጠር።
አራት፦ የሻይ ወጪው ከመደበኛ በጀት ይቆጠር።

ሁሉም ፈረሙ። ዘለቀ ወረቀቱ ታች ድረስ ወረደለት፤
ከደረጃው የሚወርደው እሱ ብቻ ነው፣ ወረቀቱ።
ዳርጊቱ አውራ ጣቷን ከቀለሙ ነከረች፣ ተጫነችው፣
ሸክላ ላይ እንደምታትም፣ እስኪሰምጥ።

ማታ ቤቴ፣ ከአዌቱ ማዶ፣ ግልባጩን ሳጸዳ
«ቀጥሏል» የሚለው ላይ ስደርስ ሰረዝኩት።
መልሼ ጻፍኩት። ሰረዝኩት።
ወረቀቱ ሳሳ፤ ከሥሩ ያለው ጠረጴዛ ታየኝ።

የመጨረሻው አጀንዳ፣ እንደ ወትሮው፣
«ልዩ ልዩ» የሚል ነበር።
ሰዓት ስላለቀ
ለሚቀጥለው ስብሰባ ተላልፏል።