የባናው ክብደት

ስሟ ፈሪት ሆኖ፣ እሷ ማንን ፈርታ!
ደመና ታግዳለች
በጅባራ ዘንጓ፣ አንገቷን አንስታ።
ታችኛው ገደል፣ ወለቃ የሚሉት፣
ከትከሻዋ ወልቆ የቀረ ክንዷ ነው
ይላሉ ሰዎቹ።
እኔ ሸማኔ ነኝ፤ አጥንት አላውቅም፣
ክር ነው የማውቀው።

እኛ ላይ ውርጭ አለ። ውሃው እንስራው ውስጥ ጠጥሮ ያድራል፤
የበልጉ ገብስ እንደ እንግዳ፣
ሲሻው ይመጣል፣ ሲሻው ይቀራል።
ታች ግን በርበሬው ይቀላል፣ ሎሚው ይሸታል፣
ወባ ያልያዘው ሰው
ሸማውን ገፎ ደጅ ላይ ይተኛል።

መሀል እርከኑ ላይ፣
ገደሉ ቆም ብሎ ትንፋሽ በሚስብበት፣
ሐሙስ ሐሙስ ገበያ አለ።
ገብስ ይወርዳል፣ ማሽላ ይወጣል።
እኔም ባናዬን ዘርግቼ እቀመጣለሁ፤
ከቆላ የመጣ ሰው ዋጋ ጠይቆኝ አያውቅም፣
ምድጃ ላይ ተቀምጦ ማን እሳት ይገዛል?

አንድ ሐሙስ እትዬ ጦይባ መጡ፣
ያን ሁሉ ዳገት እያነከሱ።
ባናዎቼን አንድ በአንድ አነሱ፤
ለማየት አይደለም፣ ለመመዘን።
«ከባዱን ስጠኝ» አሉ፣ «ከሁሉ ከባዱን።»
«እናቴ፣ አገርዎ ቆላ፣ ምን ሊያደርጉት?»
ዝም።
ብሩን ከመቀነታቸው ፈቱልኝ፤
እስከ ማታ እጄ በርበሬ በርበሬ ሸተተኝ።

ለካ ሰዓዳን፣
ጨለማ የምትፈራውን፣ ጅብ ሲጮህ ጉያቸው የምትገባውን፣
ፈሪቷን ልጃቸውን ለፈሪት ድረዋታል፤
ጓሳው ከቤቱ ክዳን ጋር ወደተቃቀፈበት፣ እኛ መንደር፣
ባለፈው ጥር።

አህያ ነጂው ይመር ነው የነገረኝ፦
በቀትር፣ ድንጋዩ እግር ሲጠብስ፣
እትዬ ጦይባ በራቸውን ዘግተው
ባናውን እስከ አገጫቸው ይከናነባሉ፤
ላብ በላብ ሆነው፣ ዓይናቸውን ጨፍነው፣
ልጄ ስንት ኪሎ ብርድ ትሸከማለች እያሉ
በትከሻቸው ይለካሉ።

ሰዓዳ ጎረቤቴ ናት።
ከንፈሯ በውርጭ ተሰነጣጥቋል፣
እንጨት ስትሰብር ግን ከባሏ ትብሳለች፤
ዛሬ ማታ አጥር ላይ ጠራችኝና
«እናቴን ካገኘሃት፣ ይሞቃል በላት» አለችኝ፣
እጇን በብብቷ ሸሽጋ።

ነገ ሐሙስ ነው።
ፈሪት አናቷ ላይ አመዳይ ደርባለች፤
ከወለቃ ለሚያያት
ባና የለበሰች ትመስላለች።
እኔ ክር ነው የማውቀው፤
ይህን ግን በምን እቋጨዋለሁ?