አርባ

ባሕሩ ከአሸዋው ማዶ በጨለማ ሲያጓራ፣
ፔተን ላይ ከንጋት በፊት ይጀመራል የእኛ ሥራ።
ከገንዳው ሥር፣ ከዚያ ሰማያዊ ብርሃን ወጥቶ፣
በማይታይ ውርጅብኝ ቀናት ሙሉ ተመትቶ፣
ብልቃጡ ይመጣል፤ ከትንሿ ጣቴ ያንሳል።
ለዓይን ባዶ ነው። ቆጣሪው ግን ይንጫጫል።

እኔ ከመስታወቱ ወዲህ ነኝ፤ ክንድ ይሞላል ውፍረቱ፣
እንደ ቆየ ማር ቢጫ ነው ፊቱ።
ወዲያ የብረት እጆች አሉ፤ ስጨብጥ ይጨብጣሉ፣
ብንቀጠቀጥ ይንቀጠቀጣሉ።

ሉቴቲየም ነው። ስሙን ለምጄዋለሁ፣
ጠባዩን ግን ዛሬም እፈራዋለሁ፦
ሳምንት ሊሞላው ጥቂት ሲቀር ግማሹ ይሄዳል፣
የቀረውም እንደገና በዚያው ልክ ይጎድላል።
ስለዚህ መኪናው አይጠብቅም፤
ሹፌሩ ሻዩን አይጨርስም።

ያን ማክሰኞ የሠራሁት ለአንድ ሰው ነበረ፣
ጌንት ላለ ሆስፒታል፣ ለሐሙስ ለተቀጠረ።
ወረቀቱ ስም የለውም፤ ቁጥር ነው ያለበት፣
ከቁጥሩ ሥር ደግሞ ዓመት፣ የተወለደበት፦
ሃምሳ አንድ።
አላውቅም ሴት ይሁን ወንድ።

ሰዓቱን በእርሳስ ጻፍኩ፤
ብልቃጡን በእርሳስ ከደንኩ።

ረቡዕ ስልኩ ጮኸ። ማርሊስ አዳመጠች።
"ሐሙስ ቀርቷል" አለች።
ለምን? ስላት ወደ መስኮቱ ዞረች፣
"ሌሊቱን..." ብላ ቃሏን ሳትጨርስ ተወች።
ለሌላ አይሆንም፤ በአንድ ሰው ልክ የተሰፋ ነው።
በመዝገባችን፦ ቆሻሻ ነው።

ወፍራሙ መሳቢያ ውስጥ አስገብቼ ቆለፍኩ።
ግን ማንም ሳያዘኝ፣ በየሳምንቱ፣ ቆጣሪ ይዤ ሄድኩ።
ግማሽ። ሩብ። የሩብ ግማሽ።
ለየትኛው አጥንት ነበር፣ ለየትኛው ጉበት?
መልእክተኛ ነው፣ የተላከበት ቤት በሩ ተዘግቶበት
ደጅ ቆሞ የሚያንኳኳ፣ ድምፁ እየሳሳበት።

አንድ ማታ ቁጭ ብዬ ቀኑን ደማምሬ፣
ስድስቴ ሲጋመስ፣ ደግሜ ቆጥሬ፣
አርባ ሆነ።
አርባ!
በአገሬ ለሞተ ሰው በአርባው ተዝካር ይወጣል፣
ስሙ ይጠራል፤ ጎረቤት ተሰብስቦ ይበላል።

እሑድ ነበር። ተረኛ ሳልሆን መጣሁ።
መሳቢያውን ገርበብ አድርጌ ቆጣሪውን አስጠጋሁ፦
ከስልሳ አራት አንድ እጅ።
ጢቅ። ዝም ይላል። ጢቅ።

ወጣሁ ወደ አሸዋው። ዳቦዬን ለሁለት ቆረስኩ፤
ግማሹን ለባሕር ወፎች በተንኩ።
"ሃምሳ አንድ፣ ነፍስ ይማር" አልኩ፤ ሌላ ስም አላገኘሁ።
ከቀረኝም፣ እንደገና፣ ግማሹን ሰጠሁ።