አዘነበለች

እህቴ ኢርማ ደወለች፣ ከሰሜን፣ ከዚያ ደረቅ ምድር፤
«ዘነበለት» አለች፣ «በረሃው ዘነበለት! አበባ ለበሰ አፈር።
በየስንት ዓመቱ አንዴ ነው፤ ዘሩ ከአሸዋ ሥር ተኝቶ ተኝቶ
ሲነቃ ለሦስት ሳምንት ነው፤ ከዚያ ይሄዳል ረግፎ፣ ጠፍቶ።
ነይ። ያንን ሰውዬም አምጪው።»

እኛ የዝናብ ሰዎች ነን። ቫልዲቪያ ላይ ሰማዩ ወንፊት ነው፤
ካልሲያችን ከምድጃው ጎን ከዓመት ዓመት እንደተሰጣ ነው።
ኤላዲዮ አርባ ዓመት የሰው ጀልባ ደፈነ፤
የራሱን ጣሪያ ግን፣ ነገ ነገ እያለ፣
ባልዲ ደቀነ እንጂ መቼ ከደነ!

የሳንቲም ቆርቆሯችንን ሰበርን። ትኬት ቆረጥን፣
ፎቁ ላይ፣ የፊት ወንበር፤ ሁለት ቀን ሙሉ መንገዱን ልናይ ቋመጥን።
ለካኔላ (ቀረፋ ማለት ነው፣ በመልኳ ያወጣንላት ስም)
ጎረቤታችን ሮሳሊንዳ አለች፤ አጥንት ገዛች ገና ሳንሄድም።

ማክሰኞ ሊነጋ ሲል፣ ሻንጣው በር ላይ ቆሞ፣
ወጥ ቤት አንድ ነገር ወደቀ።
ካኔላ ነበረች።
ልትነሳ ትሞክራለች፤ ወለሉ ይሸሻታል፤
ወደ ቀኝ ትዞራለች፣ ወደ ቀኝ፤ ግድግዳው ይቀበላታል።
ዓይኖቿ ከጎን ወደ ጎን፣ ከጎን ወደ ጎን፣
የሚያልፍ ባቡር መስኮት እንደሚቆጥር ሕፃን።
ከሰሜን የመጣው ቃል ቤቴ ሲገባ ከዳኝ፤ ጠመመ ፊደሉ፦
ለበረሃው ዘነበለት፤
ለኔዋ አንገቷ አዘነበለባት።

ኤላዲዮ በብርድ ልብስ ጠቅልሎ አቀፋት፤
አዲሱ የጉዞ ሱሪው ላይ ሸናችበት። አልተቆጣት፤
«ግድ የለም፣ ግድ የለም» አላት፤ ይህ ሰው ለኔ እንኳ ደግሞ
ሁለቴ «ግድ የለም» ብሎኝ አያውቅም ፈጽሞ።

ሐኪሟ ልጅ እግር ናት፣ ዶክተር ኢግናሲያ፤ ቦት ጫማዋ ጭቃ የጠጣ።
«አንጎሏ ውስጥ ደም ፈሶ ይሆናል፤ ወይም ከውስጥ ጆሮዋ የመጣ፤
ያረጁ ውሾች ላይ ዓለም ድንገት ትሾራለች፣ እንደ እንዝርት።
የጆሮ ከሆነ በሦስት ቀን ይለቃታል።
የፊተኛው ከሆነ…
ጠብቁ።»

መናኸሪያ ደወልኩ።
«ገንዘብ የምንመልሰው» አለኝ፣ «ሰው ሲሞት ብቻ ነው፤
ማስረጃ አለዎት? የሞተው ማን ነው?»
«ውሻ ናት፤ አልሞተችም» አልኩት።
«እንግዲያማ!» አለ። ስልኩን ዘጋሁት።

አንድ ነገር ልናዘዝ። ሌሊት፣ እሷ ስታቃስት፣
«ሦስት ሳምንት ብትታገሺ ምን ነበረበት?»
ብያታለሁ በልቤ። ይኸው አልኩት።
ወዲያው ምላሷ እጄን ፈልጎ ሳተ፤ ጣውላውን ላሰ።
ስቶም እኔን ብሎ ነው። ፊቴ ራሰ።

ሦስት ሌሊት ወጥ ቤቱ ወለል ላይ ፍራሽ አንጥፈን አደርን፤
እንዳትንከባለል ሻንጣውን ከጀርባዋ ደገፍን።
ሰፊ ባርኔጣ፣ ስስ ሸሚዝ፣ የፀሐይ ቅባት
እንደታጨቁ ግድግዳ ሆኗት።
ውኃ በማንኪያ፤ ሩዝ በጣት።
ሮሳሊንዳ አጥንቷን ይዛ መጣች፤ «ቀራችሁ?» እንኳ ሳትለን
የሞላውን ባልዲ ደፋችልን።

በአራተኛው ቀን ተነሳች፣ እንደ ሰካራም እግሯን አንፈራጣ፤
አራት እርምጃ፤ ወደቀች፤ አምስት፤ በሩ ጋ ደረሰች ተንገዳግዳ።
ጭራዋን ቆላች፤
ጭራዋ ራሱ ጣላት።
ሳቅን፣ ከማክሰኞ ወዲህ ገና ያኔ።

አንገቷ ግን አልቀናም። «ላይቀናም ይችላል» ብላለች ሐኪሟ፤
እንግዲህ ዓለምን በሰያፍ ነው የምታይ፣ በቀረው ዕድሜዋ።
ኢርማ ፎቶ ላከች፤ እስከ አድማስ ሐምራዊ፣ መሐል ላይ አንድ ቢጫ።
ኤላዲዮ ስልኩን ተቀብሎኝ ጋደል አደረገው፤
«ለሷ እንዲህ ነው የሚታያት» አለ።
አየሁ። በረሃው አዘነበለ፤
አበባው ሁሉ ወደ አንድ ጎን፣
ወጥ ቤታችን ውስጥ ሊፈስ ምንም አልቀረው።

ባልዲው ጠብ ይላል፤ ጠብ።
ሰውዬው ጃኬቱን ለብሶ መሰላል ሊዋስ ወጣ።
ሥራ ፈቷል፣ ሦስት ሳምንት።